የታድሎ ቦርጭ

እኛ ቆላ የምንኖር ሰዎች ለበሽታ ብዙ ስም አናባክንም። ራሱን ያመመውም ወባ ነው፣ ወገቡን የያዘውም ወባ ነው። ሚስቱ ጥላው ሄዳ እህል አልዋጥ ያለውንም ቢሆን ጎረቤት ተሰብስቦ "ወባው ተነስቶበት ነው" ይለዋል። ምን ይደረግ? ሙቀቱ እንዲህ አናት እየበሳ ሌላ በሽታ ለማሰብ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? የሚያውቁትን በሽታ መታመም ራሱ አንድ እረፍት ነው። እኔም ፊደል ከመቁጠር ብዙም ያላለፍሁ ሴት፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ኮኪት ላይ፣ ለቀን ሠራተኛ ምግብ ስሸጥ ስንቱን "ወባ ነህ" ብዬ መርምሬያለሁ መሰላችሁ! መድኃኒት ቤቴ ከፍራሼ ሥር ናት፤ ማን እንዳስተረፈው የማይታወቅ ክኒን በፌስታል ሙሉ።

ታድሎ የእህቴ ልጅ ነው፤ ያላት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ለሰሊጥ አረም ከደጋ ሲወርድ እናቱ ደውላ "እንደ ሰጠሁሽ መልሺልኝ" አለችኝ። ይኸ ቃል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እህቴ የሰጠችውን አትረሳም። እኔም ጥሩውን አንገረብ፣ ያንን በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ፣ ከእኔ መኝታ አጠገብ ዘርግቼ አጎበር ሰቀልሁለት። ልጁ ጥቂት ቀን አደረና "እትዬ፣ እርሻው ይርቃል፤ እዚያው ከጓደኞቼ ጋር ልደር" አለኝ። ታታሪነቱን አደነቅሁ። አጎበሩንም ለራሴ ወሰድሁ።

ሰሊጡ ታጭዶ ሲመለስ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ አንገቱ ሰልሏል፤ ሆዱ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ከሸሚዙ ተርፏል! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያን ሰሞን እርሻው ድረስ ስንቅ እልክለት ነበርና የእጄ ወጥ ነው ብዬ ደመደምሁ። ወዲያው ለእህቴ ደውዬ "ልጅሽ ቦርጭ አወጣ፣ እንደ ነጋዴ ሆኗል" አልኋት። ባለሱቁ ሐጅ ኑሩ ዘንድ ወስጄም ሰፊ ጀላቢያ አለበስሁት፣ ሸሚዝ አልቆለፍ ብሏላ። ሐጅ ሆዱን አይተው "የአንቺ ወጥ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ እኔም ደንበኛሽ ነኝ" ብለው ቀለዱብኝ። ሰውነቱ ሁሉ ከስቶ ሆዱ ብቻ ሲወፍር አንዳችን እንኳ "እንዴት ነው ነገሩ?" አላልንም።

ትኩሳቱ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ ከፌስታሌ እሰጠዋለሁ፤ ሲሄድ እኔ ያዳንሁት ይመስለኛል። አንድ ቀን አፍንጫው ደማና ለመነሳት ቢሞክር ጉልበቱ ከዳው። ያኔ ነው የእህቴ ቃል ጆሮዬ ላይ የጮኸው።

እንግዲህ ሰው ሆስፒታል ሲሄድ ዝም ብሎ አይሄድም። አጠብሁት፣ ተላጨ፣ ቅባት ተቀባ። ሐኪም ፊት እየተቃጠለ እንዳይቀርብ ብዬም ሁለት ማስታገሻ አስዋጥሁትና በባጃጅ ይዤው ሄድሁ። አያችሁ፣ ቤት የሚጠረገው እንግዳ ሳይመጣ ነው፤ በሽታውንም ጠራርጌ ነው የወሰድሁት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ከኋላዋ ነጭ የለበሱ ተማሪዎች ተኮልኩለዋል። "መቼ ጀመረህ?" ስትለው እኔ "ትናንት" አልሁ። ወር አለፈው ብል "እስካሁን የት ነበራችሁ?" ብላ ልትቆጣኝ አይደል? ሙቀቱን ለካች፤ የለም። ተማሪዎቹን ምን ይመስላችኋል አለቻቸው። አንዱ ታይፎይድ አለ፣ አንዷ ጉበት አለች፣ አንዱ ከነጭራሹ ሰምቼው የማላውቀውን ጠራ። እኔ ለሁሉም ራሴን ነቀነቅሁ፤ ደክመው የተማሩትን ልጆች ማሳፈር ይከብዳል። ከዚያ "የት ነው የምትተኛው?" አለችው። ይህንንማ እንዴት ለእሱ እተዋለሁ! የእህቷን ልጅ ዛፍ ሥር የምታሳድር አክስት ልባል? "ከእኔ ጋር፣ በአንገረብ ላይ፣ በአጎበር ውስጥ!" አልሁ።

ሐኪሟ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "እናቴ፣ እባክዎ ውጭ ትንሽ አረፍ ይበሉ" አለችኝ። ወጣሁ። መስኮቱ ግን በሙቀቱ ምክንያት ክፍት ነበር፤ እኔም የተገኘው ጥላ እሱ ሥር ሆነብኝ።

ታድሎ ለካ አፍ አለው! ከአረም ጀምሮ እርሻው ዳር ግራር ሥር ሲያድር እንደከረመ፣ ትኩሳቱ ከወር በላይ እንደሆነው፣ ሁሉንም ዘረገፈው። "አልጋና አጎበር እያለህ ስለምን?" አለችው። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ደግማ ስትጠይቀው "እትዬ ሌሊቱን ሙሉ ታወራለች" አላት። "አንተስ ለምን ዝም በይ አትላትም?" ብትለው "ተኝታ ነዋ የምታወራው! ያውም ትጠይቀኛለች፤ ካልመለስሁ ትቆጣለች" አለ። ተማሪዎቹ ሳቃቸው ፈነዳ። እኔ መስኮት ሥር ሆኜ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ሐኪሟ ጀላቢያውን ስትገልጥ ቦርጭ ያልሁት ነገር ጣፊያ ሆኖ ተገኘ። አብጦ እምብርቱን አልፏል። በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር የምትኖር ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ነክሳ እንደምታስይዘው፣ በሽታው ካላዛር እንደሚባል፣ ከወባ ጋር እንደሚምታታ ለተማሪዎቹ አስረዳች። ተማሪዎቹ በየተራ ዳሰሱት፤ አንዱ የጣፊያውን ዳር ዳር በእስክሪብቶ አሰመረበት፣ ልክ እንደ እርሻ ወሰን። የጣት ደሙ ተመረመረ፤ ያለችው ሆነ። ወጥታም "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር" አለችኝ።

ከዚያ በየቀኑ መርፌ ሆነ፤ እሱ ተወግቶ፣ እኔ አይቼ ደከምን። አልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ አስታመምሁት። የክፍሉ ታማሚዎች ቶሎ ቶሎ እየዳኑ ሲወጡ መድኃኒቱን አመሰገንሁ፤ ኋላ ነው እነሱም ሌሊት ሌሊት ሲሰሙኝ እንደከረሙ የገባኝ። ለእህቴ ስደውል "ቦርጩ እንዴት ነው?" ትለኛለች፣ እኔም "እየጠፋ ነው፣ እግዜር ይመስገን" እላታለሁ፤ አበድሽ ወይ ትለኛለች። ጣፊያው ከእስክሪብቶው መስመር በየቀኑ ሲሸሽ፣ ጠላት ከድንበር ሲመለስ ያየሁ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

የመውጫው ቀን ሐኪሟ አስቀምጣ መከረችው። ከእንግዲህ ግራር ሥር ማደር የለም፤ እርሻም ቢርቅ፣ ምንም ቢሆን፣ እቤት፣ እትዬ ዘንድ፣ በአጎበር ውስጥ ነው አለችው። ታድሎ ያን ሁሉ መርፌ ሲወጋ አንድ ቀን ያላጉረመረመ ልጅ፣ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

"ዶክተር፣ ሌላ መድኃኒት የለውም?" አላት።