በማሽላ አገዳ የተለካ እግር

መመሪያ ጽፎ የሚልክ ሰው ያስቀናኛል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ደንበኛን በፈገግታ ተቀበሉ» ብሎ ይጽፋል፤ ደንበኛው ስንት ገደል ወርዶ፣ ስንት ዳገት ወጥቶ እንደመጣ ግን አይጠይቅም። እናንተም ከአዲስ ዕቃ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ሳታነቡ የምትጥሉት በስንፍና አይመስለኝም። ወረቀቱ እናንተን አያውቃችሁም።

ይህን ያነሳሁት በዝናሽ ምክንያት ነው። የልብስ ስፌት መኪናዬን ሰቆጣ ከተማ፣ አንድ በረንዳ ላይ ከዘረጋሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ከመንገዱ ማዶ የሚሆነው ሁሉ ሳልፈልግ ይታየኛል። (እሺ፣ ፈልጌ ነው።) ዝናሽ ከዐረብ አገር እንደተመለሰች እዚያ ማዶ የአንድ ጫማ ኩባንያ ቅርንጫፍ ከፈተች። ፍራንቻይዝ ይሉታል፤ ስሙ የኩባንያው፣ ድካሙ የዝናሽ። ስምንት ዓመት የሰው ወለል ስትወለውል ያጠራቀመችውን በሙሉ እዚያ ሱቅ ውስጥ አፈሰሰችው። የመስታወቱ በር በተገጠመ ቀን «ከእንግዲህ ለማንም አልጎነበስም፣ ጋሼ» አለችኝ። ውሉ ግን ቀልድ አያውቅም፤ በስድስት ወር ውስጥ ገበያ ካላገኘች ኩባንያው ስሙን ከበሩ ላይ አውርዶ ይሄዳል።

ኩባንያው በላከው መመሪያ መሠረት ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ሆነ። በገበያ ቀን ከአጎራባቾቹ ከዝቋላና ከፃግብጂ ወረዳዎች በእግሩ የመጣ ሰው በሩ ድረስ ይደርሳል፣ ወለሉን ያያል፣ እግሩን ያያል፣ ይመለሳል። ደፍሮ የገባው ደግሞ አዲሱን ጫማ ሲለካ ውስጡን አቧራ በአቧራ ያደርገዋል። መመሪያው ለዚህም መላ ነበረው፤ ደንበኛው ከመለካቱ በፊት ስስ የናይለን ካልሲ ይሰጠው ይላል። ሰጠች። አንዲት እናት ካልሲውን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ እግሬ ምን ሆነ ብለሽ ነው የምትሸፍኚው?» ብለው መልሰውላት ወጡ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። እኔም በልቤ የሱቁን ተዝካር አወጣሁ።

አንድ የገበያ ቀን አያ ካሱ የሚባሉ የዝቋላ ሽማግሌ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ዝናሽ ግቡ ብትላቸው «ቤትሽን አላቆሽሽም ልጄ። ከዚሁ ሆኜ ልየው» አሏት።

ዝናሽ እግራቸውን አየች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ይዛ ወጣች። «ይቀመጡ፣ አባባ።» ጎንበስ አለች። ያቺ አልጎነበስም ያለች ዝናሽ፣ የተሰነጣጠቀውን ተረከዝ በቀስታ፣ ጣት በጣት አጠበች። እኔ መኪናዬን መርገጥ ተውኩ። የማላየው ነገር የለም ብዬ የምኩራራው ሰውዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እንባዬም መጣ። የእንግዳ እግር ማጠብ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ሱቅ በር ላይ ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

አያ ካሱ ረጅም ምርቃት መረቁ፣ ገቡ፣ አንድ ጥቁር ጫማ ለክተው በጣም አማራቸው፣ አወለቁት፣ አመስግነው ሄዱ። አልገዙም! በሚቀጥለው ገበያ ሌሎች መጡ፤ ታጠቡ፣ መረቁ፣ ሄዱ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እግሩን የታጠበ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በታጠበበት ቤት ዋጋ ስንት ነው አይልም። ዝናሽ ደንበኞቿን በገዛ እጇ እንግዳ አደረገቻቸው።

«ምርቃቱን ኩባንያው ይቀበልሻል?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እዚያ ዐረብ አገር ጎንበስ ስል ማንም ዞር ብሎ አያየኝም ነበር። እነዚህ እኮ ራሴን ዳስሰው ይመርቁኛል። ሱቁ ቢዘጋም አልተውም።»

ስድስተኛው ወር ሊያልቅ አንድ ገበያ ሲቀረው አያ ካሱ አንድ እስር የማሽላ አገዳ ተሸክመው ብቅ አሉ። ለከብት ነው ብዬ ነበር። ታጠቡና እስሩን ፈቱት። አንዱ አገዳ ረዘም፣ አንዱ አጠር ብሎ ተቆርጧል።

«ይቺ የባለቤቴ እግር ናት። ይቺ የምራቴ፤ አራስ ናት፣ አትመጣም። ይቺ ዓይኑ የማያይ የጎረቤቴ...» እያሉ ነጩ ወለል ላይ ደረደሩት። መንደሩ በሙሉ እግሩን ልኮ ነበር። እኔም ቀስ ብዬ መንገዱን ተሻግሬ ስለነበር አየሁት፤ ያን ያህል ሰው ያንን ሁሉ አቀበት በአንድ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ሆኖ መውጣቱ እስካሁን ያስደንቀኛል።

«ለእርስዎስ፣ አባባ?» አለች ዝናሽ።

«እኔማ እንግዳሽ ነኝ፤ ለራሴ አልገዛም። ይሄ የነሱ ነው።»

በዚያው ቀን ሌሎቹም እንግዶች አገዳ አገዳቸውን ይዘው ደረሱ። የኩባንያው ሰው በሳምንቱ ሲመጣ ጫማው ሁሉ ተሽጦ መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ባንኮኒው ሥር ግን አገዳ ተከምሯል። ምን እንደሆነ ስትነግረው አንዱን አንስቶ ከራሱ እግር ጋር አስተያየው። ስሙን ሳያወርድ ሄደ።

እኔ ግን ችግር ላይ ነኝ። ባለፈው ክረምት ጭቃ በጭቃ ሆኜ ልጠይቃት ብገባ ዝናሽ ሳፋዋን አቀረበች። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። አሁን ጫማዬ አፉን ከፍቷል፤ ሱቁ አሥር እርምጃ ነው፤ እኔ ደግሞ እንግዳ ነኝ። በእግሬ ልክ አንድ አገዳ ቆርጬ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። አያ ካሱ ከዝቋላ እስኪመጡ እየጠበቅሁ ነው።