የክቡር አማካሪው ግራ ጉልበት

ሥራ ያጣ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ፣ ሥራ ከመስጠት በቀር ሌላውን ሁሉ የሚችል አንድ አጎት አይጠፋም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለእሱ ነው። የእኛዋ ልጅ አጎት ግን ከሁሉም ይብሳሉ፤ ለማዕረጋቸው ሲባል «ክቡር አማካሪ» እንበላቸው።

ልጅቷ በአኒሜሽን ከተመረቀች አንድ ዓመት አልፏታል። ክቡር አማካሪን ከጡረታቸው በላይ የሚያሳስባቸው ይኸው ነው። በየሁለት ቀኑ እህታቸው ቤት ድረስ አራት ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ። በሩ ላይ ይስላሉ፣ ቀበቷቸውን ወደ ላይ ሳብ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ሳይቀመጡ ይጀምራሉ።

«ሥራማ ሞልቷል!»

እውነትም ሞልቷል። መጀመሪያ፣ የአንድ ጥርስ ሐኪም ግድግዳ ላይ የሚስቁ ጥርሶች እንድትሥል እሷን ሳያማክሩ ተስማምተው መጡ። ቀጥሎ መታወቂያ ፎቶ አንሺ ጋ ላኳት፤ «ያው ሥዕል አይደል?» አንድ ቀን ደግሞ አሳንሰር ጠጋኝ ዘንድ ይዘዋት ሄዱ።

«ጋሼ፣ እኔን ከአሳንሰር ጋር ምን አገናኘኝ?»

«የማይንቀሳቀስ ነገር ማንቀሳቀስ ነው የተማርኩት አላልሽም?»

ለአንድ ሰከንድ እንቅስቃሴ ሃያ አራት ሥዕል እንደሚያስፈልግ ስታስረዳቸው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለአንድ ሰከንድ? እንግዲያው መሥሪያ ቤት ይሻልሻል። እዚያም አይቸኩሉም።»

እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አፍ ግን ዳገት አይፈራምና ክቡር አማካሪ መውጣታቸውን አልተዉም። በመጨረሻም ውሃ ክፍል መዝገብ ቤት አስገቧት።

«ሰኞ ትጀምሪያለሽ። አሁን እንቢ ብትዪ ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ።»

በዚያው ሳምንት፣ ለሆስፒታሎች የማስተማሪያ ፊልም የሚሠራ ድርጅት የሥራ ፈተና ላከላት። አንድ ሽማግሌ ደረጃ ወጥቶ በር ሲያንኳኳ የሚያሳይ ዐሥር ሰከንድ ሠርታ ዓርብ ማቅረብ አለባት። ካልሆነላት ዕጣዋ መዝገብ ቤት ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት እየተራመደች ሣለች። ሽማግሌው ግን ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ይወጣል። ነጭ ፀጉር ጨመረችለት፣ አልረዳም። ሐሙስ ጠዋት ተስፋ ቆርጣ እስክሪብቶዋን ስትወረውር ከደረጃው ኮቴ ሰማች። አንድ ረገጥ፣ ዝም፣ ደግሞ አንድ ረገጥ።

በሩን ከፍታ ቁልቁል አየች። ክቡር አማካሪ መደገፊያውን ጨብጠው ይወጣሉ፤ ግራ እግራቸው እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ብብታቸው ሥር ጫፉ ያለቀ ፕላስቲክ ማኅደር ይዘዋል። ውስጡ ያለው የእሷ ዲግሪ ቅጂ ነው። ዓመቱን ሙሉ እግራቸው እስኪቀጥን በየቢሮው ይዘውት የዞሩት እሱን ነው። እሷ ደግሞ ከዚያ ሁሉ መምጣት ውስጥ የምታስታውሰው ወሬያቸውን ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ እንደገና ይውጡልኝ» ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጥ አደረገችው። ወንበር ሰጥታቸው ሥዕሏ ላይ ተደፋች።

ዓርብ ፈታኟ ፊልሙን ሦስት ጊዜ ደግማ አየችው።

«ግራ እግሩ ይዘገያል። ስህተት ነው?»

«አይደለም። ጉልበቱን ያመዋል፤ ግን ለማንም አይናገርም።»

ፈታኟ ሰኞ ሥራ እንድትጀምር ቀጠረቻት።

እሑድ ክቡር አማካሪ መጡ፤ ሳሉ፣ ቀበቷቸውን ሳቡ። ልጅቷ መዝገብ ቤቱ እንደቀረ ከመንገሯ በፊት ኮምፒውተሩን አዞረችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አዩ፣ አሁንም አዩ።

«ይሄ ሰውዬ ጉልበቱን ያመዋል» አሉ። «በዚህ እግሩ ምን ፍለጋ ነው ይሄን ሁሉ ደረጃ የሚወጣው?»

«ለእህቱ ልጅ ሥራ እየፈለገላት ነው።»

ክቡር አማካሪ ቀስ ብለው ተቀመጡና ግራ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«አገኘላት?»

«አገኘላት፣ ጋሼ። ሰኞ ትጀምራለች።»