እትዬ አልቨርታ ያኮረፉት ካርቶን

በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም መንገድ ላይ፣ ማንም ሳይሾማቸው የተሾሙ አንድ ሰው አሉ። ማን እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ገባ፣ በማን ደጅ ላይ ምን እንደ ተጣለ የሚያውቁ ሰው። በእኛ በኩል፣ በምዕራብ ፊላደልፊያ፣ ለዚህ ሥራ ወግ ያለው ስም እንኳ ተሰጥቶታል፤ የሰፈር አለቃ ይባላል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይመርጣል። የእኛዋን አለቃ፣ ክብርት እትዬ አልቨርታ ጉድዊንን፣ መቼ እንደ መረጥናቸው የሚያስታውስ ሰው ግን በሕይወት የለም። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሥልጣን ላይ ነበሩ።

እኔ በሥራ ቀን የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ እሑድ እሑድ ይህችን የጋዜጣ ዓምድ እጽፋለሁ። ከመሪው ጀርባ ሆኜ ያላየሁት ዓይነት ሰው ስለሌለ በማንም አልደነቅም ብዬ ስኮራ ኖሬያለሁ። እትዬ አልቨርታ ግን እስከ ዛሬ እጄን በአፌ ያስጭኑኛል። ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ከመደነቅ አለፈ። ታላቅ ወንድሜ ሮስኮ ሞቶ፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ፣ አመዱ በካርቶን ሆኖ በፖስታ ወደ ተወለደበት ቤት ሊመለስ ሆነ። በእኛ መንገድ አንድ ካርቶን ያለ እትዬ አልቨርታ በሰላም አይገባም። እትዬ አልቨርታ ደግሞ ወንድሜን ሃያ ዓመት ሙሉ አኩርፈውታል።

መጀመሪያ ስለ ሥራቸው ልንገራችሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ ሱሪውንም፣ ሳሙናውንም፣ የውሻውን ምግብም በስልኩ ያዝዛል፤ ያዘዘው ሲመጣ ግን እሱ ሥራ ላይ ነው። ቤቶቻችን ግድግዳ ተጋርተው የቆሙ፣ ግቢ የሌላቸው፣ በራቸው በጥቂት ደረጃ እግረኛ መንገዱ ላይ የሚወርድ ናቸው። ዕቃ አድራሹ ካርቶኑን ደረጃው ላይ ጥሎ ይሮጣል፤ ከኋላው መኪናውን ቀስ አድርጎ የሚነዳ ሌላ ሰው ይመጣና አንሥቶት ይሄዳል። ወይም አድራሹ ጭራሽ ሳያንኳኳ "መጥተን አጣንዎት" የምትል ብጣሽ ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ካርቶኑን ይዞት ይመለሳል። ጥግ ላይ የሚኖሩት ወጣት ባልና ሚስት መላ መታን ብለው ካሜራ ያለው የበር ደወል አስገጠሙ። ውጤቱ ጥሩ ፊልም ሆነላቸው። ሌባው ፀጉሩን አስተካክሎ፣ ካርቶኑን አቅፎ፣ ወደ ካሜራው እጁን አውለብልቦ ሲሄድ ይታያል።

እትዬ አልቨርታ በካሜራ አያምኑም። የሚያምኑት በፊት ለፊት መስኮታቸውና በጆሯቸው ነው፤ የአመላላሽ መኪናዎቹን አንድ በአንድ በፍሬናቸው ድምፅ ይለያሉ። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ አድራሽ ያቺን ብጣሽ ወረቀት የጎረቤት በር ላይ ሊለጥፍ እጁን ሲያነሣ፣ ከጀርባው ቆመው ነበር።

"ማንን ነው ያጣኸው?" አሉት።

"ባለቤቶቹን" አለ ልጁ።

"አንኳኩተህ ነው ያጣሃቸው ወይስ ተመኝተህ?"

ካርቶኑን አስረከባቸው። ያ ልጅ አሁን ገና ከመታጠፊያው ጀምሮ ጥሩምባ እየነፋ ነው የሚገባው። በመንገዳችንም ቁልፉን ወይ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ስናገኝ ሁላችንም "ማንን ነው ያጣኸው?" እንላለን።

ካርቶን መረከብም የራሱ ሥርዓት አለው። ከሥራ ስትመለስ በራቸውን ታንኳኳለህ፤ ኮሪደራቸው በሰው ዕቃ ተሞልቶ መተላለፊያ የለውም። ስጡኝና ልሂድ ማለት አይቻልም። "ቁጭ በል እንጂ፤ ካርቶኑ እግር አላወጣ" ይሉሃል። ትቀመጣለህ፣ ስለ አክስትህ ጉልበት፣ ስለ ልጅህ ትምህርት፣ ስለ ጣራህ ማፍሰስ ትጠየቃለህ። ምን እንዳዘዝክ ግን አይጠይቁህም፤ እሳቸው ናቸው የሚነግሩህ። አንዴ የእኔን ካርቶን ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ አደረጉና "ጫማ ነው" አሉኝ፤ "ይጠብሃል።" ቤቴ ገብቼ ለካሁት፤ ጠበበኝ። መልሼ ልልከው ስወጣ ማሸጊያ ፕላስተር ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የወንበሩ ነገር ነው። በከተማችን በረዶ ሲጥል መኪና ማቆሚያህን በአካፋ ዝቀህ ካጸዳህ በኋላ ታጣፊ ወንበር ታስቀምጥበታለህ። እስክትመለስ ድረስ ያ ቦታ የአንተ ነው። ይህ በየትም አልተጻፈም፤ እንዲያውም ክልክል ነው። ሆኖም ሚስቱን የሚከዳ፣ በቀይ መብራት የሚያልፍ፣ በእናቱ ስም በሐሰት የሚምል ሰው እንኳ የሰው ወንበር አያነሣም። እናም አንድ ዓመት ገና ሲደርስ፣ ካርቶን እንደ ጎርፍ በሚመጣበት ሰሞን፣ እትዬ አልቨርታ ዳሌያቸውን አመማቸውና ከደጅ ደጅ መዞር አቃታቸው። ከቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ታጣፊ ወንበሮች አስመጡ። በየደረጃው ላይ፣ በየካርቶኑ አናት፣ ወንበር ተዘረጋ። እኛ ሳቅን። በኋላ ባልና ሚስቱ ካሜራቸው የቀረጸውን አሳዩን። ሌባው መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ወንበሩን አየና ቀና አለ። ግራ ቀኙን ተመልክቶ እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ሌባ ይሁን እንጂ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ እናት አሳድጋዋለች።

የእትዬ አልቨርታን ወንበር በሕይወት ዘመኑ ደፍሮ ያነሣ የመንገዳችን ልጅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሮስኮ ነው። ያ የማይረሳው ታላቅ በረዶ የጣለ ጊዜ፣ እትዬ አልቨርታ ግማሽ ቀን ሲዝቁ ውለው፣ ወንበራቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ሊያሞቁ ገቡ። ሲወጡ የሮስኮ መኪና ቆሟል፤ ወንበሩ ታጥፎ ደረጃቸው ላይ ተጋድሟል። ይቅርታ በለኝ አሉት። መንገዱ የሕዝብ ነው አለ። እሱ ግትር፣ እሳቸው ግትር። እናታችን ሆስፒታል ስታድር ከእሳቸው ማዕድ በልቶ ያደገ ልጅ ነበርና ነገሩ የባሰ አንገበገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይንህን ላፈር አሉት፤ ስሙን መጥራት ትተው "ያ ሰውዬ" ይሉት ጀመር። በዓመቱ ሮስኮ በረዶ ወደማያውቀው ወደ አሪዞና በረሃ ተዛወረ። እሱ ለሥራ ነው ይል ነበር፤ ሰፈሩ ግን እትዬ አልቨርታን ሸሽቶ ነው አለ።

ዘንድሮ እዚያው ታመመ። የዓመት ፈቃዴን በሙሉ አጠገቡ ሆኜ ጨረስኩ፤ ወደ ሥራ በተመለስኩ በማግስቱ አረፈ። አስከሬኑ እንዲቃጠል፣ አመዱም እናታችን አጠገብ እንዲቀበር ተናዞ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ሊያስተዛዝነኝ መጣ፤ እትዬ አልቨርታ ግን አልመጡም። ላኪው ያልተጠቀሰ የስኳር ድንች ኬክ ብቻ ደረሰኝ፤ እንደዚያ የሚጋግር ሰው ደግሞ በመንገዳችን ሌላ የለም። ከዚያ የአሪዞናው ቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ሴትዮ ደወለችልኝና፣ የሻይ ስኒ የምትልክልኝ ይመስል፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በፖስታ ይደርስዎታል፣ ፈርሞ የሚቀበል ሰው ቤት ይኑር አለችኝ። እኔ ቤት የምውልበት ቀን የለኝም። ተቀባይ ካልተገኘ ሮስኮ ፖስታ ቤት ተመልሶ በውሻ ምግብና በቡና ማፍያ መሃል መደርደሪያ ላይ ሊያድር ነው። ፖስተኛው ሰነፍ ከሆነ ደግሞ ደረጃዬ ላይ ጥሎት ሊሄድ ነው።

በዚያው ሳምንት ጉድ ተሰማ። አንድ ግራጫ መኪና መጥታ ከሁለት ቤት ወዲያ ካለው ደጅ፣ እንደ ልማዳችን ወንበር የተዘረጋበትን ካርቶን፣ ከነወንበሩ ጭና ሄደች። መንገዱ ሁሉ ወጥቶ ተንጫጫ፤ ስለ ካርቶኑ የተናገረ ሰው ግን አልሰማሁም። ታርጋዋ የወንበር ወግ የሌለበት የጎረቤት ግዛት፣ የኒው ጀርሲ ነበር አሉ። እትዬ አልቨርታ ይህን ሲሰሙ "ከወንዝ ማዶ ነዋ" ብለው ገቡ።

እኔ ፈራሁ። ሰኞ ከሰዓት በራቸውን አንኳኳሁ።

"ነገ ወይ ከነገ ወዲያ አንድ ዕቃ ይመጣልኛል፣ እትዬ።"

"ከየት?"

"ከአሪዞና።"

ፊታቸው ጠቆረ። "አንተ ከአሪዞና ምን ታዝዛለህ፣ ዌንደል?"

"ሮስኮ ነው" አልኳቸው።

በሩን ዘጉት። በርጋታ ነው የዘጉት፣ ግን ዘጉት።

ማክሰኞን እንዴት እንደ ነዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ግራጫ መኪና ባየሁ ቁጥር ታርጋዋን አነባለሁ። ፌርማታ አልፌ አንዲት ተሳፋሪ "ሹፌር፣ ልብህ የት ነው?" ብላ ተቆጣችኝ። ቤቴ ስደርስ ደረጃው ባዶ ነው፤ ካርቶን የለም፣ ወረቀትም አልተለጠፈም። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊቴ የሚኖረው ጡረተኛው የቧንቧ ሠራተኛ ሚስተር ዶይል ሁሉንም ከመስኮቱ አይቶ ኖሮ፣ መንገዱን ተሻግሮ እየተንተባተበ ነገረኝ።

ፖስተኛው አዲስ ልጅ ነው አለኝ። ደወለ፣ መልስ አጣ፣ ያቺን ብጣሽ ወረቀት መጻፍ ጀመረ። ግራጫዋ መኪና ደግሞ ከኋላው ሞተሯን ሳታጠፋ ቆማለች። በዚህ ጊዜ እትዬ አልቨርታ ፀጉራቸው በቢጎዲን እንደ ተጠቀለለ፣ በነጠላ ጫማ ወጡ። ይህን ስሰማ አላመንኩም። እኒህን ሴት ከነቢጎዲናቸው ደጅ ላይ ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ቤታቸው ጭስ የገባ ጊዜ እንኳ ፀጉራቸውን ሳያበጥሩ አልወጡም።

"ማንን ነው ያጣኸው?" አሉት ፖስተኛውን።

ልጁ ይህ ለቤተሰብ ብቻ የሚሰጥ ነው፣ እርስዎ ዘመድ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

"ሃያ ዓመት አኩርፌዋለሁ" አሉ እትዬ አልቨርታ። "ዘመድ ያልሆነን ሰው ማን ሃያ ዓመት ያኮርፋል?"

ሚስተር ዶይል እንደሚለው ልጁ ትንሽ አሰበና እስክሪብቶውን ሰጣቸው። ፈረሙ። ካርቶኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው ግን ወደ ቤታቸው አልገቡም። ቀጥ ብለው ወደ ግራጫዋ መኪና ሄደው መስኮቷን በክርናቸው አንኳኩ።

"የምትከተለው ይሄ ነው" አሉት ሰውየውን። "ሰው ነው፤ ሞቷል። የምትወስደው ከሆነ ለቀስተኛውንም አንተ ታበላለህ።"

መኪናዋ የሄደችበት ፍጥነት ለሰፈር መንገድ የተፈቀደ አይደለም። ሚስተር ዶይል እስካሁን ባርኔጣውን ሳያነሣ ስማቸውን አይጠራም። እኔም ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሣ ነበር።

በራቸውን አንኳኳሁ። ካርቶኑ ኮሪደሩ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አልነበረም። ሳሎን፣ ለክብር እንግዳ ብቻ የሚነጠፈው ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው ቢጎዲናቸውን ፈትተው የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ቁጭ በል አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ስለ ጣራዬ አልጠየቁኝም።

"ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ?"

"እኔ ለሥራ ተመልሼ ነበር። ነርሷ ነበረች አሉኝ።"

"ነርሷ ታውቀዋለች?"

"አታውቀውም፣ እትዬ።"

ካርቶኑ ሥር ያለውን ጨርቅ አቃኑ። "እንግዲያው ዛሬ እዚህ ይደር" አሉ። "ከሚያውቀው ሰው ጋር። ነገ ትወስደዋለህ።"

የራሴን ካርቶን ሳልረከብ ወጣሁ። ደረጃቸውን ስወርድ፣ ሮስኮ ከሞተ ጀምሮ እምቢ ያለኝ ዕንባ መጣ።

የእሳቸውንና የእኔን ሳሎን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እራቴን አቅርቤ ልጎርስ ስል ድምፃቸው መጣ፤ በስልክ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

"ግማሽ ቀን ነው የዛቅሁት፣ ሮስኮ። ግማሽ ቀን። ጣቶቼ ደንዝዘው ቁልፍ መያዝ አቅቶኝ። አንተ ግን 'የሕዝብ ነው'። የትኛው ሕዝብ? ያሳደገህ ሕዝብ ማን ነው?"

መልስ የሰጣቸው ይመስል ሳቁ፤ ከዚያ እንደገና ተቆጡ። ሳህኔን ይዤ ሄጄ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። የሃያ ዓመት ወሬ ተጠራቅሞባቸዋል፤ እኔ በልቼ ስጨርስ እሳቸው ገና በረዶው ላይ ነበሩ።