እኛ ማሽኑን መርጠናል

ሰው ለራሱ ጉንፋን ሐኪም ቤት ይሮጣል፤ ለሌላ ሰው በሽታ ግን እዚያው ሶፋው ላይ ስፔሻሊስት ነው። ይህን የተረዳሁት እግሮቼ የከዱኝ ጊዜ ነው።

በፈረንጆቹ 2021፣ እዚህ ፈረንጅ አገር ኒው አልባኒ፣ ከምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ከዌርሃውሱ ስወጣ፣ ደልዳላ ፓርኪንግ ላይ ባዶ እጄን ወደቅኩ። ድንጋይ እንኳ ቢኖር ሰበብ ይሆነኝ ነበር! ብዙም ሳይቆይ ደረጃ በቂጤ እየተጎተትኩ የምወጣ ሴት ሆንኩ። ሆስፒታል አስተኙኝ፤ አንዲት የነርቭ ሐኪም መረመረችኝና የሰውነቴ መከላከያ የገዛ ነርቮቼን ጠላት መስለውት እያጠቃቸው ነው አለችኝ። ዘበኛ የቀጠረውን ጌታ ሲደበድብ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከብዙ ለጋሾች ደም ተጣርቶ የወጣ መከላከያ ነው፤ በክንድ በኩል ለሰዓታት ይንጠባጠባል። በሁለተኛው ደግሞ አንገት ላይ ወፍራም ቱቦ ተተክሎ፣ ማሽን ደሜን እየወሰደ አጣርቶ ይመልሳል። «ላንቺ ሁለቱም ሊሠሩ ይችላሉ፤ ምረጪ። ብቻ አትዘግዪ፤ የተጎዳ ነርቭ ሁሉ አይመለስም» አለችኝ።

በኮሮና ምክንያት ጠያቂ አይገባም። የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ጀማል ግን ከሂልቶፕ ሰፈራቸው በስልክ ገቡ። እሳቸው የቤተሰቡን መኪናም ሙሽራም የሚመርጡ ሰው ናቸው።

«የማን ደም እንደሆነ ሳታውቂ?» አሉኝ።

ላገባው ነው እንዴ ሰባት ቤት የምቆጥረው? አልኩ፣ በልቤ። ይኼኔ፣ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር፣ ከሐኪሟ ጎን ለቆመው አስተርጓሚ «እኛ ማሽኑን መርጠናል» ብለው ነገሩት።

እኛ! አንገቱ ግን የኔ ብቻ ነው።

ጣቴ ደንዝዞ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ነበር፤ የስልኩን ቀይ ምልክት ግን አልሳተም። ጋሼ ጀማል ላይ ስልክ ዘጋሁ! በቤተሰባችን ይህን የደፈረ የለም። ለሐኪሟ «የሚንጠባጠበውን» አልኳት። እርግጠኛ ነበርኩ? ኧረ የት አባቴ! ግን በሰው ምርጫ ከምድን በራሴ ብሳሳት ይሻለኛል፤ እንዲያ ነበር እልሄ።

የመጀመሪያው ቀን ራሴን ፈለጠኝ፣ አንቀጠቀጠኝ፤ ነርሷ ፍጥነቱን ቀነሰችልኝ። ልጄ ሐያት በስልክ «ማም፣ አር ዩ ሹር?» ስትለኝ «ሹር አይደለሁም፤ ግን አልመለስም» አልኳት። ከወራት በኋላ የእግሬ አውራ ጣት ተነቃነቀ። አለቀስኩ።

ጋሼ ጀማል አኩርፈውኝ ከረሙ። በዓመቱ እግሬ ሲጠና፣ ለኢድ ራሴ ነድቼ ቤታቸው ሄድኩ፤ ደረጃቸውንም ሰው ሳይደግፈኝ ወጣሁ። እንግዶቻቸው ፊት ግንባሬን ሳሙኝና በኩራት ዞረው፦

«አያችሁ? ያኔ ምክሬን ባትሰማ ኖሮ ይኼን ደረጃ መች ትወጣው ነበር!»