ለኮሜዲ ደራሲው የተደረገ ዱዓ

አገር የሚያስቅን ሰው ማን ያስቀዋል? ይህን የጠየቅኩት የቴሌቪዥን ኮሜዲ ደራሲ ወዳጄን አጅቤ የትውልድ ከተማው ሸዋ ሮቢት የወረድን ቀን ነው። ሰውዬው የሽልማት ዋንጫ ማስቀመጫ ቢያጣም፣ መልኩን የሚያውቀው የለም።

ሻይ ቤት ገባን። ቴሌቪዥኑ የእሱን ድራማ ያሳያል፤ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። እሱ ብቻ ሳይስቅ የሚያውቀው ፊት ይፈልጋል።

የሻይ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘሃራ አዩት። «ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነህ እንዴ?»

አንገቱን ደፋ። ሞት የሌለበት ለቅሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እትዬ ዘሃራ ቴሌቪዥኑን አጠፉት፤ ሐዘንተኛ ፊት ይሳቃል እንዴ!

«ድራማው ያንተ ነው በላቸው እንጂ!» ብዬ ጎሸም አደረግኩት። እሱ ግን አቀርቅሮ ሻዩን ማማሰል ያዘ።

ሁሉም እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገለት። «አላህ ሳቅህን ይመልስልህ።»

«አሚን» አለ። ዋንጫ ሲቀበል እንኳ ድምፁ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም።