ሪፖርቱ ሲታደስ፣ ስልኩ ዝም ሲል

«ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰው ስልክ ያልነበረው ሰው መሆን አለበት። ስልክ ባለበት አገር ዝምታ ወርቅ ሳይሆን ወሬ ነው። በየቀኑ ትደውሉለት የነበረን ሰው እስቲ ዝም በሉት፤ መጀመሪያ «ሥራ በዝቶባቸው ነው» ይላል፣ ቀጥሎ «ምን አስቀየምኳቸው?» ብሎ ራሱን ይመረምራል። ከዚያ በኋላማ ወይ ታማችኋል፣ ወይ ኮርታችኋል። ሁለቱም በአገራችን ጠያቂ ያስመጣል።

እኔ ይህን የተማርኩት ነቀምቴ ላይ፣ ከአማቼ ከኦቦ ፉፋ ስልክ ነው።

ኦቦ ፉፋ የሲሚንቶ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ናቸው። ዋናው መደብራቸው እዚሁ ነቀምቴ ነው፤ ጉቴ፣ ሲሬና አኖ ደግሞ ቅርንጫፍ አላቸው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ልማር መጥቼ፣ ተምሬ፣ ልጃቸውን አግብቼ ቀረሁ። በኦሮምኛ አቶ «ኦቦ»፣ ወይዘሮ «አዴ»፣ አማች ደግሞ «ሶዳ» ይባላል፤ ከሠርጉ ወዲህ በስሜ የጠራኝ የለም። ሶዳ ነኝ፤ ከለስላሳው ጋር ግን ዝምድና የለኝም። ሶዳን «አንተ» ማለት ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ ልጃቸው የምሆነው ሰውዬ አንቱ ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ከኋላዬ የቆመ ሽማግሌ ያለ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር።

አማቼ ጠዋት ጠዋት የማያስታጉሉት አንድ ሥራ ነበራቸው። በረንዳ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ለየቅርንጫፉ ይደውላሉ። «አካም ቡልተን? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ላሟስ ወለደች? ዝናቡ እንዴት ነው?» ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ነው የትናንቱ ሽያጭ የሚነገረው። እሳቸው ቁጥሩን ጮክ ብለው ይደግማሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሪፖርቱ ላይ አስገባለሁ። ሪፖርቱ የትኛው ቅርንጫፍ ምን እንደሸጠ በባለቀለም ሥዕል የሚያሳይ ሲሆን የሚቀመጠውም ክላውድ ላይ ነው። «ደመና ማለት ነው» ብዬ ያስረዳኋቸው ጊዜ፣ ቀና ብለው የክረምቱን ሰማይ አዩና «እንግዲያማ እኛ ዘንድ ቦታ አይጠብም» አሉ።

በኋላ ቅርንጫፎቹ ኮምፒውተር ገባላቸው፤ ሽያጩም እዚያው ይመዘገብ ጀመር። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ የተማረ ሰው ሥራ አቅልሎ ካላሳየ የተማረ አይመስለውም። እንዲህ ያለ ሪፖርት ፊት ለፊት ለሰው የሚሆን በር አለው፤ በጓሮ ደግሞ ለፕሮግራም ብቻ የሚሆን ሌላ በር አለው፤ የጓሮውን ኤፒአይ እንለዋለን። ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና በጓሮ ላክኋት። መጀመሪያ «ማን ነሽ? ማን ላከሽ?» እየተባለች ተመለሰች። ቁልፍ ሰጠኋት፤ ገባች። ከዚያ ወዲያ በየሰዓቱ ከቅርንጫፎቹ ሽያጩን ሰብስባ ለሪፖርቱ እያስረከበች «በል ራስህን አድስ» ትለው ጀመር።

«ሲሬ ሚስማር ሸጠች!» አሉ አማቼ፣ ስልካቸው ላይ ሥዕሉ ከፍ ሲል አይተው። ሲሬ ገና አልነገረቻቸውም። «ገለቶማ፣ ሶዳ!» ብለው መረቁኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው ሪፖርቱን ያዩና፣ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ቁርሳቸውን በትኩሱ ይበላሉ። ደስ አለኝ። ደረቴን ነፋሁ።

አንድ እሑድ አማቼ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋው ላይ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የወረዱት የሲሬዋ ሻጭ አዴ አያንቱ ናቸው፣ ወተት በጀሪካን ይዘው፤ ቀጥሎ የአኖው ገመቹ፣ ሙዝ ተሸክሞ፤ ከኋላ ደግሞ የአዴ አያንቱ የጸሎት ጓደኞች። በሩን የከፈቱት የአማቼ ባለቤት አዴ ጫልቱ ናቸው። እንግዶቹ ሰላምታ ሳያስቀድሙ የእሳቸውን ፊት አዩ፣ የለቅሶ ምልክት ይኖርበት እንደሆነ። ከዚያ ሳሎን ገብተው ሶፋው ላይ የተጋደመውን ባለ ጋቢ ሲያዩ የፈሩት ሁሉ ተረጋገጠላቸው።

አዴ አያንቱ እጃቸውን በአማቼ ግንባር ላይ ጭነው «ዋቃዮ!» ብለው ጀመሩ።

እዚህ ቤት የተጀመረ ጸሎት አይቋረጥም። አማቼ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው «ማን ነው የታመመው?» በሚል አስተያየት አዩኝ። ትከሻዬን ሰበቅሁ። ዓይኑ ተመልሶ ተከደነ። «ባሪያህን ከአልጋው አስነሣው» ሲባል ከሁሉም ድምፅ በላይ «አሜን!» ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ከአሜኑ በኋላ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ደኅና ነኝ እኮ! ማን ነው ታመመ ያላችሁ?»

«ታዲያ መደወሉን ለምን ተዉት?» አሉ አዴ አያንቱ።

አማቼ ስልካቸውን አወጡ። «ሽያጩን ሁሉ እዚህ አየዋለሁ። ሶዳ ናቸው የሠሩልኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የነፋሁት ደረት ቀስ እያለ ተነፈሰ።

«እኔስ ከሥራ ሊያሰናብቱኝ መስሎኝ» አለ ገመቹ ሙዙን እያየ። «እዚያው አኖ ሌላ ሥራ ማፈላለግ ጀምሬያለሁ።»

«ልጄም ወንድ ልጅ ወለደች» አሉ አዴ አያንቱ። «ኦቦ ፉፋ ሲደውሉ ስም ያወጡለታል ብለን ስንጠብቅ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሕፃኑ ስም የለውም።»

 አማቼ የገመቹን እጅ ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት፤ እስከ ምሳ ድረስም አልለቀቁትም። ሌላ ሥራ ማፈላለጉ በዚያው ቀረ። ሕፃኑ «ዴቢሳ» ተባለ፤ መልስ እንደማለት ነው። የመጣው ወተት ተጠጣ፤ በሽተኛው ራሳቸው ሙዝ አደሉ።

ማታ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ «ፕሮግራሟን ላቁማት?» አልኳቸው።

«ለምን ሲባል? እሷ ስለ ሲሚንቶው ትጠይቅልኝ» አሉ። «ሰዉን እኔ እጠይቃለሁ።»

በማግስቱ ወንበሩ በረንዳ ላይ ወጣ። እኔ ያላሰብኩት ግን ምን መሰላችሁ? ድሮ ስልኩን የሚዘጋው ቁጥሩ ነበር። ሽያጩ ከተነገረ ወሬው አበቃ ማለት ነው። አሁን ቁጥሩን ፕሮግራሟ ስለወሰደችው ወሬው ማብቂያ አጣ። ላሟ ትወራለች፣ ዴቢሳ ይወራል፣ የዴቢሳ ጥርስ ይወራል። ጊዜ ይቆጥባል ብዬ የሠራሁት ነገር የቤታችንን ቁርስ ወደ ምሳ እየገፋው ነው።

ትናንት አዴ ጫልቱ የቀዘቀዘውን ጨጨብሳ እያዩ፣ አንቱታቸውን ሳይለቁ «ሶዳ፣ ያቺ ፕሮግራምዎ ስልክ መዝጋት አትችልም?» አሉኝ።

ከበረንዳው የአማቼ ሳቅ ይሰማል። አትችልም አልኳቸው።