ጋሽ ዘውገ ባክአፕ ሲገዙ

መርካቶ ውስጥ አንድ ሳምንት እንኳ ቆሞ የነገደ ሰው «ዞሬ ልምጣ» የሚባለውን ፍጡር ሳያውቀው አይቀርም። ጣቃውን ሁሉ ከመደርደሪያ ያስወርዳል፣ በጣቶቹ መሃል ያሻሸዋል፣ ደጅ አውጥቶ በፀሐይ ያየዋል፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ምራቁን ቀብቶ ይፈትነዋል። ዋጋ ይጠይቃል፣ ያስቀንሳል፣ እንደገና ያስቀንሳል። ሻጩ ላቡን ጠርጎ «እሺ በቃ፣ ይውሰዱት» ሲለው ፍጡሩ ጣቃውን በክብር መልሶ ያስቀምጥና «ግድ የለም፣ ዞሬ ልምጣ» ይላል። ዞሮ የመጣ ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

ሀፍሷ ይህን ዓይነቱን ሰው ከልቧ ትጠላዋለች። ዕድሏ ሆኖ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀጥራ የሠራችው ለዚህ ወገን አለቃ፣ ለክቡር አቶ ዘውገ ነው።

ጋሽ ዘውገ በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ጥልፍ ቤት አላቸው። ስድስት ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ይንጫጫሉ። ሀፍሷ ዲዛይነራቸው ናት። ደንበኛ ያመጣውን ሥዕል ኮምፒውተር ላይ ስፌት በስፌት ትሠራዋለች፤ ማሽኖቹ እሷ የሠራችውን ፋይል እያነበቡ ይጠልፋሉ። የሙሽራ ካባ፣ የቀሚስ ጥለት፣ የመጋረጃ አበባ፣ ከአራት ሺህ በላይ ዲዛይን ከእጇ ወጥቷል። ያ ሁሉ የተቀመጠው ጥግ ላይ ባለችው አንዲት ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ሌላ የትም አልነበረም።

ባለፈው ሰኔ ከሲኒማ ራስ ወዲህ አንድ የጫማ መጋዘን ተቃጠለ። ጥቁሩ ጭስ በመስኮታቸው ፊት ሲያልፍ ሀፍሷ ከወንበሯ ተነሳች።

«ጋሼ፣ እሳቱ እኛ ጋ ቢሆን አልቆልን ነበር እኮ» አለቻቸው። «የዲዛይኖቹ ቅጂ ከዚህ ሕንፃ ውጪ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ባክአፕ ይግዙልን።»

ጋሽ ዘውገ ጭሱን አዩ። ኮምፒውተሯን አዩ። መነፅራቸውን አወለቁ።

«ልክ ነሽ። ዛሬውኑ እንገዛለን።»

ሀፍሷ አመነቻቸው። ሞኝነቷን ዛሬ ድረስ ስታወራው ትስቃለች።

መጀመሪያ የሄዱት ምድር ቤት ኮምፒውተር የሚሸጥና የሚጠግን ጠሃ ጋ ነበር። የሀፍሷ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ አንድ ሃርድ ዲስክ ይገዛል፣ በየዓርቡ ይገለበጥበታል፣ ሌላ ሰፈር ይቀመጣል፣ አለቀ። ጋሽ ዘውገ ዲስኩን በቀኝ እጃቸው ያዙት፣ ሌላውን በግራ።

«ይሄ ሁለት ቴራ ነው፣ ያኛው አንድ ቴራ ነው ትላለህ?»

«አዎ፣ ጋሽ ዘውገ።»

«ክብደታቸው አንድ ነው እኮ! የተጨመረው የታለ?»

ጠሃ ዳታ እንደማይመዘን ሊያስረዳ ሞከረ። ጋሽ ዘውገ በትዕግሥት አዳመጡት፣ ሌባን እንደሚያዳምጥ ዳኛ። ከዚያ ዲስኩ የት ሊቀመጥ እንደሚችል ጮክ ብለው ያስቡ ጀመር። ሀፍሷ ቤት ቢቀመጥ ልጆቿ ይበታትኑታል። እሳቸው ቤት ቢቀመጥ ባለቤታቸው «አቧራ ሰብሳቢ» ብለው ለቆራሌው ይሰጡታል። ይህን ሁሉ ለብቻቸው ተከራክረው ለብቻቸው ከተረቱ በኋላ ዲስኮቹን ባንኮኒው ላይ አስተካክለው አኖሩ።

«ዞሬ ልምጣ።»

ቀጥሎ ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው የውጭ አገር ክላውድ መጣ። ሀፍሷ በስልኳ አሳየቻቸው።

«ዕቃዬ የትኛው አገር ነው የሚቀመጠው?»

«እርግጠኛ አይደለሁም ጋሼ። አየርላንድ ሊሆን ይችላል።»

«አየርላንድ ማን አለን?»

«ማንም የለንም።»

«እና አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ሄዶ ያይልናል?»

ሀፍሷ ወደ ዋጋው አለፈች። ክፍያው በዶላር መሆኑን ስትነግራቸው ደግሞ ነገሩ ያለ ክርክር ተዘጋ።

በዚህ መሃል እሷ በራሷ ገንዘብ ትልቅ ፍላሽ ገዝታ የቻለችውን ያህል ዲዛይን ገልብጣ ከቁልፎቿ ጋር አንጠለጠለችው። ጋሽ ዘውገ በሦስተኛው ቀን አዩት። እጃቸውን ዘረጉ።

«ዲዛይን በኪስ ከዚህ ቤት አይወጣም። ዛሬ ካንቺ ቢወድቅ ነገ ጎረቤት ሱቅ ሲጠለፍ እናየዋለን።»

ፍላሹን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። መሳቢያው ከኮምፒውተሯ በታች ነበር። ሀፍሷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ነገር ግን ሳምንት ሙሉ ሰላምታዋ ከአፏ ጫፍ አላለፈም። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ ሌባ መባል ይህን ይመስላል፣ አለች በልቧ።

ሐምሌ ሲገባ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ተራ ሆነ። ሰርቨር ያላቸው፣ በወር ኪራይ የሰው ዳታ የሚያስቀምጡ ድርጅቶች ናቸው። ከነሱ አንዱ ኤልሳቤት የምትባል፣ ፈገግታዋ የማይደክም የሽያጭ ሠራተኛ ላከ። ምስኪኗን በሽያጭ ስልጠና ላይ ስለ ጋሽ ዘውገ አልነገሯትም።

«መጋዘኑን ካላየሁ አንድም ፋይል አልሰጥም» አሏት።

«ጋሽ ዘውገ፣ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል እንግዳ አይገባም።»

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ? ገዢ ነኝ።»

«ገና አልገዙም እኮ።»

«ሳላይ እንዴት እገዛለሁ?»

ሄዱ። ሀፍሷም አብራ ሄደች፤ የዚያን ቀን ያፈረችውን ሕይወቷን ሙሉ አፍራ አታውቅም። ጋሽ ዘውገ ግድግዳውን በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩተው ጆሯቸውን ለጠፉበት። የበሩን ማጠፊያ ቆጠሩ። ዘበኛውን «ምሳ ስትበላ ማን ይቆማል?» አሉት። ጓደኛው እንደሚቆም ሲነግራቸው «ጓደኛህ ሲታመምስ?» አሉ። ጀነሬተሩ መብራት ሲጠፋ በራሱ ይነሳል ቢሏቸው አላመኑም፤ አስጠፍተው ሰዓታቸውን ይዘው ቆሙ። ተነሳ። «እንደገና» አሉ። እንደገና ተነሳ። ኤልሳቤት ፈገግታዋን እንደያዘች ኮንትራቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ናሙና የለውም?» አሉ ጋሽ ዘውገ።

ነበረው። አንድ ወር በነፃ። ሀፍሷ አራት ሺህ ዲዛይኖቿን በዚያ በሚያነክሰው ኢንተርኔት ለመላክ አራት ቀን ፈጀባት። ከዚያ ጋሽ ዘውገ ሌላ ድርጅት አገኙ። እሱም ናሙና ነበረው። ሌላም ተጨመረ። ሀፍሷ ስትልክ፣ ሲቋረጥ፣ እንደገና ስትልክ ክረምቱ አለፈ። እሳቸው ደግሞ ከየድርጅቱ ሰው ጋር ስልክ ይዘው መስኮት ሥር ይሄዱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ መልሱልኝና ልየው» ይላሉ። ምን እንደሚያስመልሱ ልታይ ጠጋ ስትል «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ይሏታል። ሥራዋን ትሠራለች። በልቧም እያንዳንዷን ስድብ በጥንቃቄ ትመርጣለች።

ከሁሉ የሚያበግናት ግን ደንበኛ ሲመጣ ነበር። አንዲት የሙሽራ እናት ኅዳር ላይ ካባ አገላብጠው አገላብጠው «ዞሬ ልምጣ» ብለው ሲወጡ ጋሽ ዘውገ ተቆጡ።

«ሰው እንዴት ቁርጥ ያለ ነገር መወሰን ያቅተዋል? እ? ጊዜ እኮ ነው የሚያቃጥሉት!»

ሀፍሷ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። ባትመልስ ኖሮ ከሥራ የሚያስወጣት ነገር ትናገር ነበር።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሀፍሷ በሩን ስትከፍት ውሃ በጫማዋ ላይ ፈሰሰ። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ቅዳሜ ውሃ ሲሄድባቸው ቧንቧውን ሳይዘጉ ወጥተዋል። እሑድ ውሃው መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ፈሰሰ። የጥጉ ኮርኒስ ረጥቦ፣ ከብዶ፣ በሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ወርዷል። መሳቢያው ሲከፈት ፍላሹ ውሃ ውስጥ ነበር። ማሽኖቹ በሌላኛው ጥግ ስለነበሩ ተርፈዋል። ነገር ግን የሚያነቡት ነገር የሌለው ማሽን ምን ያደርጋል? ለጥር ሙሽሮች የታዘዙ ሠላሳ ሰባት ካባዎች ነበሩ።

ጠሃ ኮምፒውተሯን ፈታትቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ውስጡ ገብቷል። የሞተ ነው።» ፍላሹንም አገላብጦ ተመሳሳይ ፍርድ ሰጠ።

ጋሽ ዘውገ በሩ ደፍ ላይ ቆመዋል። ሀፍሷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸችባቸው።

«ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያንኳኩ! አንድ ሃርድ ዲስክ እኮ ነው ያልኩዎት! ፍላሽ እንኳ ስገዛ ሌባ አደረጉኝ! ያ ሁሉ የኔ ዕድሜ ነው፣ ጋሼ። ዕድሜዬ ነው እዚያ ውስጥ የነበረው።»

ጠሃ ጫማውን ያይ ጀመር። ጋሽ ዘውገ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ፣ መነፅራቸውን አደረጉ፣ ስልክ ደወሉ።

መጀመሪያ የደወሉለት ድርጅት ናሙናው ሲያልቅ ፋይሉን እንዳጠፋ ነገራቸው። ሁለተኛው ፋይሎቹ እንዳሉ ነግሯቸው አንዱን ወደ ጠሃ ላፕቶፕ ሲልክላቸው አልከፈት አለ። ሌላ ላከ፤ ያም አልተከፈተም። ጋሽ ዘውገ ደብተራቸው ላይ በእርሳስ ሰረዙት። ከዚያ ኤልሳቤት ጋ ደወሉ።

«ጋሽ ዘውገ!» አለች፤ ድምፅዋ ከስልኩ ውጪ ይሰማል። «ደግሞ ሊያስጨምሩ ነው? አምስተኛ ጊዜዎ እኮ ነው። አለቃዬ የእርስዎን ስም ሲሰማ ራሱን ያመዋል።»

ሀፍሷ ቀና አለች። ለካ ሰውዬው በየወሩ መጨረሻ እየደወሉ «ልወስን ነው፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» ሲሉ የአንዱን ወር ናሙና እስከ ታኅሣሥ ጎትተውታል። ዲዛይኖቹ አሉ። እሷ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስትልክ ናሙናው በዚያው የሚያበቃ መስሏት ነበር፤ የጎደለው የሁለት ሳምንት ሥራ ብቻ ነው።

በኢንተርኔት ከሚመጣ በእጅ ይፈጥናል ብላ ኤልሳቤት ከሰዓት በኋላ ዲስክ ይዛ ራሷ መጣች። ላፕቶፗን እርጥበት ያልነካው ጠረጴዛ ላይ ከፈተችና፣ «መጀመሪያ የተለመደውን ላሳይዎት፤ ካለሱ አያምኑኝም» አለች።

አንድ ፋይል ተከፈተ። ፒኮክ ነበር። ማለትም ፒኮክ ለመሆን የሞከረ ነገር ነበር። አንገቱ ወፍራም፣ ጭራው በአንድ በኩል የረዘመ፣ እግሮቹ አንዱ ከሌላው ጋር የተጣሉ። ሀፍሷ አወቀችው። በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት ለመጋረጃ ብላ የሠራችው ነው። ሦስት መርፌ ሰብሮ ማንም ሳይገዛው ቀረ። ከጠፋ ዘመን ሆኖታል ብላ ነበር የምታስበው።

«በየሳምንቱ ሐሙስ» አለች ኤልሳቤት እየሳቀች፣ «‹ፒኮኩን መልሺልኝ› ይሉኛል። አራት ሺህ ፋይል እያለ ሁልጊዜ እሱን።»

ሀፍሷ ወደ ጋሽ ዘውገ ዞረች። «ለምን እሱን?»

ጋሽ ዘውገ ኮርኒሱ የወደቀበትን ቦታ ማየት ያዙ።

«ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ትሠሪዋለሽ» አሉ። «እንዲያውም አሳምረሽ። ይሄን ግን ደግመሽ መሥራት አትችይም። እጅሽ ተስተካክሏል።»

የቁጣ መውጫ እንደሚፈልግ ሰው ወዲያው ወደ ደረጃው ተነሱ፣ «እነዚህን ከላይ ያሉትን ቧንቧ መዝጋት ላስተምራቸው!» እያሉ። በሩ ላይ ግን ቆሙና ተመለሱ፣ የኤልሳቤትን እስክሪቢቶ ከእጇ ወስደው ይዛው የመጣችውን ኮንትራት ሳያነቡ ፈረሙ። ኤልሳቤት ፊርማውን ሁለቴ አየችው። ከዚያ በኋላ ነው የላይኛው ፎቅ ጩኸት የተሰማው።

ጠሃ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆይቶ ሳቁን ለቀቀው።

«ሰውዬው ለዚህች ዳክዬ ነው ስድስት ወር አገር ሲያምሱ የከረሙት?»

ሀፍሷ ለስድስት ወር ስለ እሳቸው ያጠራቀመችው ስድብ ሁሉ አፏ ላይ ነበር፤ ማንም ሰው ከሷ በላይ እሳቸውን የመስደብ መብት አልነበረውም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ጠሃ ላይ ዓይኗን ያፈጠጠችበት።

«አንደኛ፣ ፒኮክ ነው» አለችው። «ሁለተኛ፣ ‹ሰውዬው› አይባሉም።»

ከዚያ ወንበሯን ከውሃው ውስጥ ጎትታ አወጣችና የመጀመሪያውን ካባ ፋይል ፍለጋ ተቀመጠች።